የኮሮላዬ ሂተር ለምን አልሞቀም? ጥያቄው ከነመልሶቹ

ይህን ጥያቄ የጻፍኩት በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ክሩ (ከጥያቄው ሥር የተከታተለው ውይይት) ዛሬ 35 መልስ ደርሷል። እስካሁን በውስጥ መስመር መጨረሻው ምን ሆነ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው እንዲመች ጥያቄዬን እንደነበረ ትቼዋለሁ። መልሶቹን ግን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያለሁ።

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። መኪናዬ የ2004 ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሐምሌ ላይ ከአገር ልጅ ገዛኋት። ሞተሯ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ዘይትም አትበላም። ብርዱ ሲገባ ግን ሂተሯ ጉድ ሠራኝ። አየሩ በደንብ ይነፍሳል፣ ግን ለብ ያለ ነው። የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ትንሽ ይሞቃል። ሃይዌይ ስወጣ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። የሙቀት ቀስቷም ከታች ብዙም አትነሳም። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል። ሻጩ ግድ የለም፣ ምንም አይደለም ብሎኝ ነበር።

ትናንት ጠዋት ውጪው ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ነበር። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ልጃችንን የማደርሳት እኔ ነኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ከኋላ ሆና እግሬን አመመኝ አለችኝ። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በረዶ ሠርቶ በካርድ እየፋቅኩ ነዳሁ። ከዚያ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ሰውየው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት የሂተሩ ራዲያተር ይቀየር አለ። ዳሽቦርዱ በሙሉ ይወርዳል፣ 1,150 ዶላር ነው አለኝ። ገንዘቡ የለኝም። ቢኖረኝስ ያላየውን በሽታ እንዴት ያክማል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ከየት ልጀምር?

መልሶቹ

መልስ 1። ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። መጀመሪያ ልጄ እንዴት እንደሆነች ጠየቀ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሞቆ ይወጣል። ከፊሉ በሁለት የጎማ ቱቦ ዳሽቦርድ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። ማራገቢያው አየሩን በእሷ ላይ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይነፋል። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቅ አለኝ። ውሃው ሞቋል ወይ? ትንሿ ራዲያተር ጋ ይደርሳል ወይ? አየሩስ በእሷ በኩል ያልፋል ወይ? ከሁሉም መልሶች አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህን ነው።

መልስ 2 እና 3። ሁለቱም ውሃው ጎድሎ ነው አሉ። መልስ 2 የሲያትል እህት ናት። የእሷ መኪና እንዲሁ ሲያደርጋት አንድ ሊትር ተኩል ሞላችበት፣ ሂተሩም ያን ዕለት ሞቀ። መልስ 3 ስለ ራሱ መኪና ብዙ ሳይል ተስማማ።

መልስ 4። መልስ 2ን በጨዋነት አረማት። የውሃ መጉደል ምልክቱ የእኔ ተቃራኒ ነው። ውሃ ሲጎድል ወይም አየር ሲገባበት መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ሂተሩ ይቀዘቅዛል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይሞቃል። ምክንያቱም ፓምፑ ሲፈጥን የቀረችውን ውሃ ገፍቶ ያደርሳታል። የእኔ ቆሞ ይሞቃል፣ ሲሮጥ ይቀዘቅዛል። ያ ማለት ነፋሱ ሞተሩን ከሚገባው በላይ እያቀዘቀዘው ነው። መልስ 2 ተመልሳ አመሰገነችው።

ይህን ልዩነት ጋራዡ ውስጥ ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ጥያቄ ነበር።

መልስ 5። ቱቦዎቹን ንካ አለኝ። ሞተሩን 15 ደቂቃ አሙቅ። ኮፈኑን ክፈት። ሞተሩን ከተሳፋሪው በሚለየው ግድግዳ በኩል ጎን ለጎን የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ከቀበቶውና ከማራገቢያው ርቀህ፣ ጓንት አድርገህ በጥንቃቄ ያዛቸው። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ውሃው ደህና ነው። ያኔ ጥፋቱ ዳሽቦርድ ውስጥ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የምታቀላቅለው በር ላይ ነው። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች። አሮጌ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የውሃው መዝጊያ አልከፈት ብሎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ለብ ያሉ ከሆኑ ሞተሩ ራሱ አልሞቀም። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ትኩስ እያለ እንዳትከፍት ብሎ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ፊት ያቃጥላል።

ያኑ ቀን ማታ ነካኋቸው። ሁለቱም ለብ ያሉ ነበሩ። ያ የ1,150 ዶላር ሥራ ቢያንስ የመጀመሪያው መፍትሔ እንዳልነበረ ያወቅኩት በእጄ ነው።

መልስ 6። አዲስ አበባ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ናቸው። በሙያው ከ30 ዓመት በላይ ቆይተዋል። አንዱ ቴርሞስታቱን አውጥቶብሃል አሉኝ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። የእኔ ሞተር ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። እሱ ከሌለ ወይም ተከፍቶ ከቀረ ውሃው ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ጋሼ ራሳቸው በዘመናቸው ብዙ ማውጣታቸውን አልደበቁም። አዲስ አበባ ላይ ራዲያተር ሲፈላ ቴርሞስታቱን ማውጣት የታወቀ መፍትሔ ነው አሉ።

መልስ 7። ክሩ እዚህ ላይ ተቆጣ። ጸሐፊው ዴንቨር የሚሠራ መካኒክ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መኪና መግደል ነው አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ሲሊንደሩን ይበላል። አገር ቤት የተማሩት ነገር እዚህ ድረስ ተከትሎን መጣ ብሎ በጣም ሻካራ ቃላት ጨመረ። እነሱን አልደግማቸውም።

መልስ 8። ሰውየውን ገሠጸችው። ነገሩ እውነት ቢሆንም በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው እንዲህ አይናገሩም አለች። እሱም በኋላ ቃላቱን አነሳ። ሐሳቡን ግን አላነሳም።

መልስ 9። ጋሼ ራሳቸው መለሱ፣ ሳይቆጡ። ይህን መልስ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዋናው ቴርሞስታት በማይገኝበት ጊዜ ገበያ ላይ ያለው የማይታመን ዕቃ ነበር። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተገዛው አዲስ ቴርሞስታት በሳምንቱ ተዘግቶ ይቀራል። ተዘግቶ ሲቀር ሞተሩ ይፈላል፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ቴስታታው ይጣመማል። ለባለ ታክሲው ያ የብዙ ወር ገቢ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ንጹሕ ውሃ ክፍት ሆኖ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ካረጀ ግፊት መያዙ ይቀራል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ከሁለት ክፉ ነገሮች ቀላሉን መረጥን አሉ። ነዳጅ ቢበላም ሞተሩ ይተርፋል። ቢሆንም ለባለቤቱ ሳይነግሩ ማውጣት ነውር ነው፣ እኔ ሁልጊዜ እናገር ነበር አሉ።

የዴንቨሩ ሰው ስለ ሞተሩ ትክክል ነው። ቴርሞስታት ቦታው ሞተር ውስጥ ነው። ጋሼ ግን የሚያወሩት መለዋወጫ ስላጣ ሰው ነው። እኔ ከተማ ውስጥ መደብር ሄጄ በ20 ዶላር የምገዛውን ዕቃ እሳቸው ያኔ በምንም ዋጋ አላገኙትም።

መልስ 10። ከደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ጥቅምትና ኅዳር ማለዳ ላይ ውርጭ ይጥላል። ከዱባይ የመጣ መኪና ገዝቶ ሂተሩ አንድም ቀን ሞቆ አያውቅም ነበር። ኮፈኑን ሲከፍት ወደ ሂተሩ የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች በአንድ ቁራጭ ጎማ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ውሃው ዳሽቦርዱ ጋ ሳይደርስ ዞሮ ይመለሳል። እዚያ አገር ትንሿ ራዲያተር ስታፈስ ማንም ሊቀይራት አይደክምም፣ ሙቀት ማን ይፈልጋል። ያገለገለ መኪና ከባሕረ ሰላጤው የገዛችሁ ሁሉ መጀመሪያ እሱን እዩ።

መልስ 11። ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ ባሌ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፣ 4,000 ሜትር ላይ። አገራችን ሞቃት ስለሆነ አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሠራ የሚቀላቀለው ፈሳሽ) አያስፈልግም የሚሉትን ተቃወመ። እዚያ ያደረ መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ካለ ሌሊቱን በረዶ ሊሠራ ይችላል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ብረትም ይሰነጥቃል። ቀን ላይ ደግሞ ያው ንጹሕ ውሃ በዚያ ከፍታ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለ ቀይ ቀበሮም ጥቂት ጻፈ። መልስ 12 እና 13 ስለ ቀበሮዎቹ ጠየቁት፣ እሱም በደስታ መለሰ።

መልስ 14። ወደ ጉዳዩ መለሰን። ያ ቼክ ኢንጂን መብራት ዝም ብሎ አይበራም፣ ኮዱን (መኪናዋ የመዘገበችውን የጥፋት ቁጥር) አስነብብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያነባሉ። ሄድኩ። ፒ 0128 ወጣ። ትርጉሙ ውሃው ቴርሞስታቱ ሊያደርሰው ከሚገባው ሙቀት አልደረሰም ነው። መኪናዬ ከሐምሌ ጀምሮ በሽታዋን ስትነግረኝ ነበር።

መልስ 15። የራሴ ነው። ቅዳሜ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ከፈትነው። ከአልተርኔተሩ በስተጀርባ፣ በሁለት ባለ 10 ብሎን የታሰረ ክዳን ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነበር፣ ከሥሩ ባልዲ አደረግን። ክዳኑ ሲወጣ ውስጡ ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም። ጋሼ ከ12,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ያዩትን የሴንት ፖሉ ጋራዥ አላየውም።

መልስ 16። ሻጩን ክሰሰው፣ ስሙንም እዚህ አውጣው አለኝ። መልስ 17 ተቃወመው፣ ሁለቱም ተጣሉ። እኔ ስም አላወጣም። ደውዬ ጠየቅኩት። ባለፈው ዓመት መኪናዋ ትራፊክ ውስጥ ከመጠን በላይ ትሞቅ ነበር፣ አንድ ዘመዴ አስተካክሎልኛል አለኝ። የተደረገውን በደንብ ያወቀ አይመስለኝም።

መልስ 18። ይህች ሴት ኤድመንተን፣ ካናዳ ትኖራለች። ሁሉም እየተደሰተ ሳለ እሷ ብቻ አስቸጋሪውን ጥያቄ ጠየቀች። ቴርሞስታቱ የወጣው መኪናዋ ስለምትሞቅ ከሆነ ለምን ትሞቅ ነበር? ያን ሳታገኝ አዲሱን ከገጠምክ ሰኔ ላይ ሞተርህን ታቃጥላለህ። ከዚያ አንድ ነገር አለችኝ። ሐምሌ ላይ መብራት ስትቆም ኤሲው ይደክም ነበር?

አዎ፣ ይደክም ነበር። ሙቀቱ ነው ብዬ አልፌው ነበር። እንደነገረችኝ ሞተሩን አስነስቼ ኤሲውን አበራሁ። በዚህ ጊዜ የትልቁ ራዲያተር ማራገቢያ መዞር አለበት። አልዞረም። ፊውዙ ደህና ነው። ሪሌውን (መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ተመሳሳይ ከሆነ ሌላ ሪሌ ጋር ቀያየርኩ፣ ያው ነው። በቀጥታ ከባትሪ መብራት ስንሰጠው የማራገቢያው ሞተር ዝም አለ። ማራገቢያው ሞቷል። የመኪናዋ የመጀመሪያ በሽታ ይህ ነበር። ያ ዘመድ ማራገቢያውን ትቶ ቴርሞስታቱን አወጣ። ብርዱ ሲመጣ የልጄን እግር ያቀዘቀዘው ያ ነው። ያገለገለ ማራገቢያ በ45 ዶላር አገኘሁ።

ከመልስ 19 እስከ 22 ያለው ስለ ቮልስ ነው። አንዱ የአባቱ ቮልስ ውሃም ራዲያተርም ሳይኖረው ሂተር እንደነበረው አስታወሰ፣ ከዚያ ማቆም አልተቻለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስለ ቮልስ ሲነሳ ዝም አይልም፣ እኔም ሁሉንም አነበብኩ። ቮልስ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። የሂተሩ ሙቀት የሚመጣው የጭስ ማውጫውን ከሸፈኑ ሳጥኖች ነው። መልስ 22 ቁም ነገር ጨመረ። እነዚያ ሳጥኖች ዝገው ሲበሱ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ አስፈትሹ። እኛም በረዶ የጭስ ማውጫውን ደፍኖት እያለ ሞተር አስነስተን መኪና ውስጥ መቀመጥ የለብንም።

መልስ 23። ንጹሕ አንቲፍሪዝ ሙላበት፣ ውሃ አትቀላቅል፣ ያኔ በፍጹም አይረጋም አለ። መልስ 24 የዴንቨሩ መካኒክ ነው፣ አሁን ረጋ ብሏል። ስህተት ነው አለ። ያልተቀላቀለው አንቲፍሪዝ ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ላይ ይረጋል። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን እስከ ከዜሮ በታች 37 ድረስ ይቋቋማል። ውሃውም የተጣራ ይሁን አለ። ሌላም ነገር ጨመረ። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ራዲያተር ውስጥ አትጨምሩ። ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት የትንሿን ራዲያተር ቀጫጭን መስመሮች ሊደፍን ይችላል።

የእኔን አስለካሁት። የሚቋቋመው ከዜሮ በታች 15 ብቻ ነበር። በጎደለ ቁጥር ከቧንቧ ውሃ ሲሞሉበት ኖረዋል። ቀለሙ ቡና ይመስላል። በ2019 ጥር ላይ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ደርሳ እንደነበር አስታውሼ ፈራሁ።

መልስ 26። ቴርሞስታቱንና ማራገቢያውን ገጥሜ አዲስ ኩላንት (የውሃና የአንቲፍሪዝ ድብልቅ) ከሞላሁ በኋላ የጻፍኩት ነው። ቀስቷ መሃል ላይ ቆመች። መልስ 1 የወጥ ቤት ቴርሞሜትር አየሩ የሚወጣበት ላይ ሰካና ለካ ብሎኝ ነበር። በፊት 17 ዲግሪ ነበር፣ አሁን 36 ሆነ። ደስ አለኝ።

መልስ 27። 36 ገና ነው አለችኝ፣ ያችው የኤድመንተኗ። ከ50 በላይ መሆን አለበት። ቱቦዎቹን እንደገና ንካ። ነካሁ። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ለብ ያለ ነው። ሞተሩ ሲድን የተደበቀው ሁለተኛ በሽታ ታየ። ዝገቱ ትንሿን ራዲያተር በከፊል ደፍኗታል።

መልስ 28። ትንሿ ራዲያተር እንዴት እንደምትታጠብ በዝርዝር የጻፈው የመልስ 5 ሰው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ቱቦዎች ከሞተሩ በኩል ፍታ። ውሃው በሚወጣበት በኩል አስገባ፣ በሚገባበት በኩል ይውጣ። የቧንቧውን ግፊት ግን በጣም ቀንስ፣ አሮጌ ራዲያተር ትፈነዳለች፣ ያኔ ዳሽቦርዱን የግድህን ታወርዳለህ። የሚወጣውን በባልዲ ያዝ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ቡናማ ነበር፣ አሸዋ የመሰለ ነገርም ነበረው። እየደጋገምኩ ንጹሕ እስኪሆን አጠብኩ። ከዚያ ኩላንቱን መልሼ ሞላሁ። መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ በሆነ ዳገት ላይ አቆምኳት። ቀዝቃዛ እያለች ክዳኑን ከፍቼ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጌ አስነሳሁና አየሩ በአረፋ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

መልስ 29። አንዲት እናት ናት፣ ባጭሩ ጻፈች። አንቲፍሪዝ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ባልዲውን ልጅም ውሻም በማይደርስበት አስቀምጥ። መሬት ላይ አትድፋ።

መልስ 30 እና 31 ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። የአንዱ የሂተር ማራገቢያ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ይሠራል። ያ የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፣ ርካሽ ዕቃ ነው። የሌላዋ መኪና ጣፋጭ ይሸታል፣ መስታወቷ ቅባት በመሰለ ጉም ይሸፈናል፣ ምንጣፏም ይረጥባል። የእሷ እውነትም ትንሿ ራዲያተር ናት፣ ታፈሳለች። ያንን መቀየር ግድ ነው፣ ዳሽቦርዱም ይወርዳል።

መልስ 32 ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ይህ ሁሉ ወሬ በቅርቡ ያረጃል አለ። የነዳጅ ሞተር የሌለው መኪና ሙቀቱን ከባትሪው ያመጣል፣ ብርድ ላይ የሚሄደው ርቀትም ያንሳል። እውነት ነው። እኔ ግን የማሞቀው ያለኝን ነው።

መልስ 33። የመጨረሻ ሪፖርቴ። ቴርሞሜትሩ 56 ዲግሪ አለ። የከፈልኩት ለሁሉም ዕቃ 118 ዶላር ነው። ልጄ ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ጓንቷን አወለቀች። ቼክ ኢንጂኑም ጠፍቷል።

መልስ 34። ጋሼ ናቸው። ደስታቸውን ገለጹ። ከዚያ በትሕትና አንድ ነገር ጠየቁ። ዛሬም ጥሩ ቴርሞስታት ማግኘት ይከብዳቸዋል። ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ዋናውን ቢይዝላቸው ይከፍላሉ።

መልስ 35። የሲያትሏ እህት ናት፣ መልስ 2። ወንድሟ ጥር 5 ይበራል። የስንት ሞተር ዓይነት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስድስት ዘረዘሩ። አራቱን እሷ ገዝታለች፣ ሁለቱን እኔ ዛሬ በፖስታ ላክሁላት።